ከአገር ሳልወጣ የሄድኩበት ውጭ አገር

ውጭ አገር ሳይሄዱ ከውጭ አገር የተመለሱ ሰዎች ጥቂት ነን። ማኅበር ብናቋቁም ሊቀመንበርነቱ ለእኔ ይገባል። እኔ የሄድኩት እንዲያው በዝምታ አይደለም፤ ተለቅሶልኝ፣ ተዘምሮልኝ፣ እጅ ተጭኖብኝ፣ ካፖርት ደርቤ ነው። የደረስኩት ደግሞ ቦዲቲ ነው። አገራችንን ለማያውቅ ሰው የሶዶንና የቦዲቲን ርቀት ላስረዳ፤ ሚኒባስ ውስጥ ከጎንህ ከተቀመጠው ሰው ጋር ሰላምታ ትጀምራለህ፣ የከብቱን ጤንነት ጠይቀህ ወደ ልጆቹ ስትሸጋገር ረዳቱ "ቦዲቲ ወራጅ" ይላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ሶዶ ውስጥ የትምህርት ቴክኖሎጂ የማስተምር መምህር ነኝ። በወረቀት ላይ ማዕረጌ "ጀማሪ ተመራማሪ" ይባላል። ይህ ጀማሪነት የት ላይ እንደሚያልቅ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ፀጉሬ ከግንባሬ መሸሽ ጀምሯል፣ እኔ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። ጀማሪ ተመራማሪ ማለት ስለ ሙያ ዕድገት በተሰጠ ሥልጠና ሁሉ ተገኝቶ ከሙያው ይልቅ የሻይ ዕረፍቱን ሳምቡሳ አጥርቶ ያወቀ፣ የምስክር ወረቀቱ ከግድግዳው የሰፋበት ሰው ነው። በየማለዳው "የተከበሩ ታላቅ ፕሮፌሰር ሆይ፣ ጽሑፍዎን ይላኩልን" የሚል ኢሜይል ከማያውቀው መጽሔት ይደርሰዋል። አጭበርባሪ መጽሔት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በዚህ ምድር ላይ ታላቅ ፕሮፌሰር ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ኢሜይሉን ማጥፋት አንጀቴ አይችልም።

የማጠናው ነገርም ለሰው ሲነግሩት አያምርም። ለትምህርት ቤት የተሰጡ ኮምፒውተሮች ለምን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው እንደሚያረጁ ነው የምመረምረው። አንድ ርዕሰ መምህር ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው እያሳዩኝ "እንዳይበላሹ ብለን ነው" አሉኝ። ሳጥኑ ሲከፈት አይጥ በውስጡ ቤተሰብ መሥርታለች። ርዕሰ መምህሩ አይጧን አይተው ሳጥኑን መልሰው ቆለፉት፣ እኔም ይህንን ግኝት ብዬ ጻፍኩት።

ታዲያ አንድ ቀን እውነተኛ ኢሜይል መጣ። በትምህርትና በቴክኖሎጂ ዙሪያ ለሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጥ የአንድ ዓመት ፕሮግራም አለ፤ ደጋግሜ አመልክቼ ደጋግሜ የወደቅኩበት። በዚህኛው ዙር ተቀበሉኝ። ከውጭ አገር አንዲት ፕሮፌሰር ተመድባልኝ ዓመቱን ሙሉ ጽሑፌን ታይልኛለች፣ ታርመኛለች፣ መንገድ ታሳየኛለች። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ነው። ቪዛ የለም፣ አውሮፕላን የለም፣ ከአገር መውጣት የሚባል ነገር የለም። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ፣ ጸጥ ካለ ቦታ ካሜራ ከፍቶ ጥናትን ማቅረብ። ያልተገኘ ሰው ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ለሌላ ይሰጥበታል። ይህችን ነገር ፈለግኳት፣ በጣም ፈለግኳት። በደህናው ጊዜም አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ኢሜይሉን ካነበብኩ በኋላ ክፍሌን ከግድግዳ ግድግዳ ስለካ ቆይቼ ለአክስቴ ለመንገር ወጣሁ።

አክስቴ አማረች ያሳደገችኝ ሴት ናት። ገበያ ውስጥ ቅቤ ትሸጣለች፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የእናቶችን የጸሎት ቡድን ትመራለች። እሷ ጆሮ የገባ ነገር ግማሹ ከቅቤው ጋር ተጠቅልሎ፣ ግማሹ በጸሎት ርዕስ መልክ ከተማውን ያዳርሳል። ሁሉንም በግልጽ ነገርኳት። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ፣ ነገር ግን አልሄድም፣ እዚሁ ተቀምጬ በኮምፒውተር ነው የምማረው አልኳት። ተነሥታ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጎበዝ፣ እንዲህ በል" አለችኝ። "ለሁሉም ሰው አልሄድም በል።"

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ ውጭ የሚሄድ ሰው እሄዳለሁ አይልም። ምቀኛ አለ፣ ክፉ ዓይን አለ፣ ቪዛው ላይ የሚተነፍስ ሰው አለ ይባላል። ስለዚህ ሻንጣው መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ተጓዡ ይክዳል። አንዳንዱ እንዲያውም ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ደውሎ ነው ለወንድሙ የሚነግረው። በዚህ ምክንያት በሶዶ "አልሄድም" የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው ነገር ቢኖር ቲኬት መቆረጡን ነው። የእኔ ሞኝነት ይህን እያወቅኩ አጥብቄ መካዴ ነበር። ቀስ ብዬ ብክድ ኖሮ ምናልባት ጥቂት ሰው ይጠራጠር ነበር። እኔ ግን ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ኢሜይሉን አውጥቼ አሳየሁ። ሰዉ ኢሜይሉ ላይ የአገሩን ስም ብቻ አነበበ።

በዚያው ሳምንት በጸሎት ቡድኑ "ስሙ የማይጠቀስ አንድ ወንድም፣ አገሩ የማይጠቀስ መንገድ አለው" የሚል ርዕስ ቀረበ። በማግስቱ ስሙ የማይጠቀሰውን ወንድም የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ በስሙ እየጠሩ እንኳን ደስ አለህ ይሉት ጀመር።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቢሮው ጠራኝና በር ዘጋ። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ለማውራት በር ይዘጋ ነበር። በይፋ እንዳልነግረው፣ ነገሩ እንደገባው፣ እኔን ላለማስጨነቅ ሲል ኮርሶቼን ለአዲሱ መምህር እንዳከፋፈለ ገለጸልኝ። የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍም እንዳስረክብ በትሕትና ጠየቀኝ። ልብ በሉ፣ በመሥሪያ ቤታችን የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያለው እዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ እኔም የሰኞውን ስብሰባ ያቀድኩት እዚያ ነበር። የትም አልሄድም አልኩት። ሳቀ። እሱ ራሱ ለዶክትሬቱ ሲወጣ ሐዋሳ ጥርሴን ልነቀል ነው ብሎ ሄዶ ከዓመታት በኋላ እንደተመለሰ አጫወተኝ።

የቤት አከራዬ ጋሽ ወንድማገኘሁ ደግሞ ከቢሮ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ አያታቸው ከሸዋ ከሹማምንት ጋር የመጡ፣ አማርኛቸው የተጣራ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ነገሩን ከባጃጅ ሹፌር ሰምተው ለምን እኔ አልተነገረኝም ብለው አንድ ቀን አኮረፉ። ሲታረቁኝ ክፍሌን በባንክ ለሚሠራ አዲስ ሙሽራ አከራይተውታል፣ እሑድ ይገባል። አልሄድም እኮ ጋሼ ብላቸው አንገታቸውን ነቀነቁና የአባታቸውን የሱፍ ካፖርት ከሣጥን አወጡልኝ። ክብደቱ የፍየል ያህል ነው።

"ልጄ፣ ይህን ልበስ። ብርድ ሰው አያውቅም" አሉኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ። ቆጡ ላይ ያለውን ገና ሳልነካው ክፍሌ ሄደ፣ ኮርሴ ሄደ፣ ቁልፌ ሄደ። የሰኞው ስብሰባ እየቀረበ ነው፣ እኔ ደግሞ የምቀመጥበት ወንበር እየተነሣ ነው። ሰዉ ደግ ነው፣ ችግሩም ደግነቱ ነበር። ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ አስቆማቸው ነበር።

ቅዳሜ በአክስቴ ግቢ ሽኝት ተደረገ። ድንኳን ተጥሏል፣ ዘማሪዎች ተሰልፈዋል፣ በዳጣ፣ በወላይታው የቃሪያ ማባያ፣ የሚበላ ነገር ሁሉ ቀርቧል። ወንጌላዊ ማርቆስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ፣ ንግግር እንዳደርግ ጋበዙኝ። ዛሬ ይለይለታል ብዬ ተነሣሁ። "ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አልሄድም" አልኩ። እልልታው ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ። ከኋላ አንዲት እናት ይህ ልጅ እስከ መጨረሻው ምስጢር ጠባቂ ነው ብለው ሲያደንቁኝ ሰማሁ። አክስቴ እያለቀሰች ነበር። ያን ፊቷን ካየሁ በኋላ ተቀመጥኩና ሥጋውን በላሁ።

ከዚያ እጅ ጭነው ጸለዩልኝ፣ ዘምረውም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አክስቴ ቡላና ዳጣ የሞላ ዘንቢል በመስኮት አቀበለችኝ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲንቀሳቀስ ሰዉ እጁን እያውለበለበ ተከተለው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከአውቶቡስ ዘልዬ ልውረድ? አውለበለብኩ። ከከተማ እስክንወጣ አውለበለብኩና ቦዲቲ ላይ ወራጅ አልኩ።

ረዳቱ አዲስ አበባ ነው የከፈልከው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። የተሸኘሁበትን ሕዝብ አይቷልና በሐዘን ተመለከተኝ፣ ሻንጣዬን አውርዶልኝም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እቅዴ ቀላል ነበር። ቦዲቲ ሆቴል ይዤ ሰኞን እጠብቃለሁ፣ ስብሰባዬን እሳተፋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ አስባለሁ። እንዲህ ያለው እቅድ በሥልጠናዎቻችን የአጭር ጊዜ ግብ ይባላል። እሑድን ሙሉ ቀን ክፍሌ ውስጥ አሳለፍኩ፤ ማሳለፍ ከተባለ። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። የሰኞውን ንግግር ለመስታወቱ አቀረብኩ፣ መስታወቱ ጥያቄ ስላልነበረው ደግሜ አቀረብኩለት። በመካከሉ ጋሽ ወንድማገኘሁ ቤት ሙሽሮቹ በእኔ መጋረጃ እየተጋረዱ መሆናቸው ትዝ ይለኛል።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ልበላ ወርጄ ከበሩ ፊት ለፊት የአክስቴን የቅቤ ደንበኛ አየሁ። ከገጠር ቅቤ ሰብስባ ለአክስቴ የምታመጣ ሴት ናት፣ ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጣ እንባዋን ስትጠርግ ነበር። አየችኝ ወይስ አላየችኝም? አላውቅም። እኔ ግን በጓሮ በር ወጣሁ። ብታየኝ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሶዶ ይገባል፤ የአማረች ልጅ ከመንገድ ተመለሰ፣ ተባረረ፣ ይባላል። አክስቴ ያን ስትሰማ ታየኝ። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ተበላ ከተማ ለመሸሽ ወሰንኩ።

የዚህን ውሳኔ ጉድለት ካርታ የሚያነብ ሰው ወዲያው ይደርስበታል። ከቦዲቲ ተበላ ለመሄድ በሶዶ ማለፍ ግድ ነው። ሶዶ መናኸሪያ ደግሞ መኪና መቀየር አለ። ቅዳሜ ዘምሮ በሸኘኝ መናኸሪያ ሰኞ ካፖርት ተከናንቤ፣ ሻንጣ ጎትቼ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ እየተሽሎከለኩ አለፍኩ። የተበላው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተወሸቅኩና ካፖርቱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ፀሐይዋ ጠንክራለች፣ ላቤ ይወርዳል፣ ጉልበቴ ከፍርሃት ይንቀጠቀጣል።

መኪናው ሞልቶ ሊነሣ ሲል አንድ ሰው ተጣድፈው ገቡና በቀረችው ቦታ፣ ከጎኔ፣ ተቀመጡ። ወንጌላዊ ማርቆስ ናቸው። ተበላ ላይ የከሰዓት አገልግሎት ኖሯቸዋል።

ቆላ የሚወርድ መኪና ውስጥ በዚያ ሙቀት ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሕመሙ አንድ ነው። "ወንድሜ፣ ወባ ነው?" አሉኝ። ከካፖርቱ ሥር ራሴን ነቀነቅኩ። አዘኑልኝ። መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አሁንም ነቀነቅኩ። ከዚያ ተሳፋሪዎቹን ይህን ወንድም በጸሎት እናስበው ብለው ጠየቁና እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ። መኪናው በሙሉ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሹፌሩ እንዳልጨፈነ ተስፋ አደርጋለሁ። ወንጌላዊ ማርቆስ ሲጸልዩ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ፣ ከወላይትኛ ወደ አማርኛ እየተመላለሱ ነው። ወባውን ገሠጹት። ትንኟንም ገሠጿት። እኔም ባልያዘኝ ወባ ላይ ተባባሪ ሆኜ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

በዚህ ቢያበቃ ደህና ነበር። እሳቸው ግን ጸሎት ከጀመሩ በየመንገዱ ያለውን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። "ደግሞም ጌታ ሆይ፣ ቅዳሜ የሸኘነውን ልጃችንን አስበው። በሄደበት ባዕድ አገር ብቻውን ነው። የሚቀመጥበትን ስፍራ ስጠው" አሉ።

በዚያች ሰዓት በምድር ላይ የሚያስፈልገኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። "አሜን" አልኩ። ሳላስበው፣ በሙሉ ድምፄ፣ ከሆዴ ነው ያልኩት።

አናቴ ላይ ያለው እጅ ቆመ። ካፖርቱ ቀስ ተብሎ ከፊቴ ላይ ተነሣ። ወንጌላዊ ማርቆስና እኔ አፍንጫ ለአፍንጫ ተያየን።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"አልሄድክም?"

"አልሄድም ብዬ ነበር እኮ።"

ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው ሲያዩ፣ ቅድም በወባ ሲንቀጠቀጥ የነበረው በሽተኛ ካፖርቱን ጥሎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እልልታው ቀለጠ። አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ነበር፣ ዶሮዋን ለባሏ አቀብላ አጨበጨበች። ወንጌላዊው እውነቱን ለማስረዳት አፋቸውን ቢከፍቱም ማን ይሰማቸዋል። አንድ ሰው እንዲያውም እዚያው ቆሜ ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቀኝ።

ግርግሩ ሲበርድ ነገሩን ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ ስብሰባውን፣ ቁልፉን፣ ሙሽሮቹን፣ የቅቤ ነጋዴዋን። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ የሰሙኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ያልከውን ስላላመንኩ ነበር እልል ያልኩት አሉ፣ ፊታቸው ቅር ያለው እንኳ በራሳቸው ነበር። ተበላ ላይ ኢንተርኔት አገኛለሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ ባለ ዶሮዋ ሴት ሰማችና ከትናንት ጀምሮ መብራት እንደሌለ አረዳችኝ። ስድስት ሰዓት አልፏል። ወንጌላዊ ማርቆስ ሹፌሩን አስቆሙት። አገልግሎቱን ለሌላ ሰው በስልክ አስተላለፉና በመንገድ ባገኘነው ኪራይ ሞተር ሳይክል፣ እሳቸው መሐል፣ እኔ ከኋላ፣ ሻንጣዬ ጭኔ ላይ፣ ወደ ሶዶ ተመለስን። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ጄኔሬተርም ኢንተርኔትም አለው፤ የእሑድን አገልግሎት የሚያስተላልፉበት።

ቢሮው ገብቼ ላፕቶፔን ስሰካ አክስቴ ከገበያ ተጠርታ መጣች። እጇ ላይ ቅቤ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ የምትቆጣ መስሎኝ ተሸማቀቅኩ። ነግሬሽ ነበር ልላት ፈለግኩ፣ ቃሉ ግን እኔኑ አሳፈረኝ።

"ነግረኸኛል" አለች እሷው ቀድማ፣ ወንዱንና ሴቱን በሚያቀላቅለው አማርኛዋ። "እኔ ነኝ ያላመንኩ። ታ ናኣው፣ ልጄ፣ እኔ ከዚህ አገር ወጥቶ ትልቅ ሰው የሆነ ብዙ ሰምቻለሁ። እዚህ ቁጭ ብላ ትልቅ የሆነ ሰው ግን አላየሁም። ከየት ብዬ ልመን?"

ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝም የመለሰልኝም አልነበረም። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ከጎኔ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ በቃ አብራኝ ልትሰበሰብ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስክሪኑ በሰዎች ፊት ተሞላ። ስለ ቁም ሳጥኑና ስለ አይጧ ስደርስ ፕሮፌሰሯ ሳቀች፣ ሌሎቹም ሳቁ። ስጨርስ ከጎኔ የሚታየው ሻሽ የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት አልኳት። ሰላም በልልኝ ስትል አክስቴ እንደ ወጉ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስለነበር የዓለም ጀማሪ ተመራማሪዎች ሁሉ የአክስቴን ወገብ አዩ። እሷ ከወገቧ በላይ ለግድግዳው እጅ ነሣች፣ የልጆቻችሁ ጤና እንዴት ነው ብላ በወላይትኛ ጠየቀች፣ እኔም እንደምንም ተረጎምኩ።

ከዚያ ፕሮፌሰሯ ቁም ነገሩን አነሣች። ፕሮግራሙ አንድ ዓመት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው ሳትቋረጥ የምትገኝበት ጸጥ ያለ ቦታ አለህ ወይ አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ለዛሬ የተፈቀደ ነው፤ ክፍል የለኝም፣ ቁልፍ የለኝም። አለኝ አልኳት። ፊቴን ያየችው አክስቴ ምን እንዳለችኝ ጠየቀችኝ፣ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም።

"የተሸኘ ሰው እንዲሁ አይመለስም" አለች። "አቀባበል ያስፈልጋል። ሳንቀበልህ ማን ቤት ይሰጥሃል? ሰው ምን ብላ ሰላም ትልሃለች?"

ወንጌላዊ ማርቆስ ያልሄደ ሰው መቀበል ሐሰት አይሆንም ወይ ብለው ተጨነቁ። አክስቴ ግን ለዚህም መላ ነበራት። ቦዲቲ ሄዶ አልነበር? እንግዲያስ ከቦዲቲ ይምጣ አለች። እሳቸውም በዚህ ተስማሙ፣ እሑድ በጉባኤው ፊት እውነቱን ሁሉ ለመናገርም ቃል ገቡ፤ ተናገሩም። እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ለአቀባበሉ በማለዳ ተመልሼ ቦዲቲ መኪና እየጠበቅኩ ነበር። እንደሰማሁት ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው ብሎ ጠየቀ።

ሚኒባሱ ሶዶ መናኸሪያ ሲቆም ዘማሪዎቹ ቆመዋል። ሁሉም የት እንደነበርኩ ያውቃል፣ ግን አንድም ሰው አልጎደለም። አንድ በአንድ እየሳሙኝ እንኳን ደህና መጣህ ይሉኛል። አገሩ እንዴት ነው የሚሉም ነበሩ፣ ደህና ነው እላለሁ። ጋሽ ወንድማገኘሁ ሙሽሮችን ማስወጣት ነውር ነው፣ ከጓሮ ያለውን ክፍል አስጠርጌልሃለሁ፣ ጸጥታው የመቃብር ነው አሉኝ። ኃላፊያችን ከሰዉ መሐል ብቅ አለና የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ሁሉም እያየ በእጄ አስጨበጠኝ። በቢሮው ብለምነው ኖሮ ኮሚቴ ያቋቁምበት ነበር። በአቀባበል ላይ ግን እንዴት እምቢ ይላል።

አክስቴ መጨረሻ ላይ መጣች። ትስቃለች ብዬ ነበር የጠበቅኳት። አንገቴን ያዘችና አለቀሰች፤ ለሰው ብላ አይደለም፣ ከልቧ ነው፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ እኔም በሰው ፊት አብሬያት አነባሁ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "በቃ፣ አሁን ቁጭ በል" አለችኝ።

እሺ አልኳት። አዲስ አበባ ተምሬ ስመለስ እንኳ እንደዚያ ቀን አገሬ የገባሁ መስሎኝ አያውቅም፤ የመጣሁት ግን ከቦዲቲ ነበር።